የፈላ ውሃው ገጽ አንደኛ ወጣ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትውዪ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም «ምንም አይደል» እያልሽ ነው? አባባ እንዴት ነው፣ ጆሮውስ? የጋሼ ጉልበት፣ የትልቋ ልጅሽ ፈተና፣ የትንሹ ቀበጥ ጥርስ፣ ሁሉም እንዴት ሆነ? እኔ ጤነኛ ነኝ። እንቅልፌም ተመልሷል፣ ምግብም እየበላሁ ነው። ሱሪዬ ወገቤ ላይ እንዴት እንደጠበበኝ ብታዪ ያን ሁሉ ምክርሽን ሰማ ብለሽ ደስ ይልሽ ነበር።

ባለፈው ስደውል ከደስታ ብዛት ሦስት ወሬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩሽ፤ አንቺም ደንበኛ ቆሞብሽ ነበርና ነገሩ ሳይገባሽ ተለያየን። በኋላ በላክሽልኝ መልእክት አባባ «ምን አሸነፈ? ሎተሪ ነው?» ብሎ እንደጠየቀ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ሎተሪ አይደለም፤ ከሎተሪ ይበልጣል። በስልክ እንዳልነግረው ጆሮው አያደርሰውም፣ ስለዚህ ከሥር መሠረቱ ልጻፍልሽና አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ያልገባው ቦታ ላይ ሲያቋርጥሽ አትቆጪው።

አባባ ለጎረቤት እንደሚያወራው ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው በሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ ክፍላችን ግን ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ናት። ግድግዳው ከማሽኖቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ቤታችን ስንሄድ ሳሙና ሳሙና እንሸታለን። ሦስት ነን። አለቃችን በቀን ከጥቂት ቃል በላይ ስለማይወጣው «አቶ ዝም» የምንለው ሰው ነው፤ ሥዕሉንና ቅርጹን የምታሰናዳ አንዲት ሠዓሊ አለች፤ ከዚያ እኔ። ሥራችን የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ነርሶቹና ሐኪሞቹ ለወላጆች የጻፏቸው ሰባት መቶ ያህል የምክር ገጾች አሉ፤ ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰው፣ ሳንቲም ሲውጥ፣ ከአልጋ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዱ።

እንግዲህ አባባ ይህን ይስማኝ። እያንዳንዱ ገጽ እንደ ቤት የራሱ አድራሻ አለው። ስልክ ላይ ገጹ ሲከፈት ከላይ በቀጭኑ መስመር የሚታየው ጽሑፍ ነው አድራሻው። የእኛ ገጾች አድራሻ ግን ቃል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጥያቄ ምልክት፣ ክፍል 14፣ መለያ 3817፣ እንዲህ ያለ የቁጥር ክምር ነው። ሰው ቢያየው ምንም አይነግረው፣ ኢንተርኔቱን እየዞረ ገጾችን የሚመዘግበው የፍለጋ ሞተርም ቢያየው ምንም አይነግረው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያየሁት አንድም ቀን አልቆረቆረኝም።

የቆረቆረኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የቃጠሎ ክፍሏ ሲስተር ደረጃውን እየደበደበች ወረደች። ቁመቷ ከጠረጴዛችን ብዙም አያልፍ፣ ድምጿ ግን ከማጠቢያ ማሽኖቹ በላይ ይሰማል። «የዚህ ድረ ገጽ ባለቤት ማን ነው?» አለች። አቶ ዝም በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ያን ዕለት ማለዳ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አቅፋ መጥታ ነበር። የፈላ ውሃ ክንዱ ላይ ተደፍቶበት፣ እሷም በአንድ እጇ እሱን ይዛ በሌላው ስልኳን ከፍታ ምን ላድርግ ብላ ጠይቃለች። መጀመሪያ የወጣላት ገጽ «የጥርስ ሳሙና ቀቢው» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ይህን ቅባት ግዢ»። የጥርስ ሳሙናውን ቀባችው። ሲስተር ያን የደረቀ ሳሙና ከልጁ ቆዳ ላይ ለማንሳት አንድ ሰዓት ፈጀባት። «ልጁ ሲጮህ እናትየው ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። «‹እኔ እኮ ጠይቄ ነው ያደረግኩት› ነው ያለችኝ።»

ከዚያ ወንበር ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠችና እናትየዋ የጻፈችውን ቃል በቃል አስጻፈችኝ፤ «ልጄ ፈላ ውሃ ተደፋበት ምን ላድርግ»። ውጤቱ ሲወጣ የእኛ ገጽ የለም። ሁለተኛውን ዝርዝር ከፈትኩ፣ የለም። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሰባተኛው ላይ ከታች ተወሽቆ አገኘነው። ርዕሱ «የሙቀት ጉዳት ቅድመ ሕክምና፣ ክፍል ሁለት» ይላል። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሲስተር፤ ያ ድምጿ ዝቅ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለማን ነው የጻፍኩት?» አንገቴን ደፋሁ።

እሷ ከወጣች በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ሰው አቀርቅሬ ከረምኩ። ያው አንዱ የቃጠሎ ገጽ በአምስት የተለያየ አድራሻ እንደሚከፈት አገኘሁ። ከክፍሎች ዝርዝር ሲመጡ አንድ፣ ከሚታተመው ቅጂ ሌላ፣ ከመነሻው ገጽ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ የፍለጋ ሞተሩ የሚያየው አምስት ደካማ ገጽ ነው እንጂ አንድ ጠንካራ ገጽ አይደለም። አንድ ሰው በአምስት ስም ለምርጫ ተመዝግቦ ድምፁ ለአምስት ሲከፋፈልበትና አምስቱም ሲወድቁ በዪው። ዕቅዴን በሁለት ወረቀት ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አድራሻ ብቻ፣ እሱም በቃል፤ ከፊት «የመጀመሪያ-እርዳታ»፣ ከዚያ እዝባር የምንላት ዘንበል ያለች መስመር፣ ከዚያ «ፈላ-ውሃ-የተደፋበት-ሕፃን»። የቀሩት አድራሻዎች በሙሉ ወደዚያው ያስተላልፋሉ። አድራሻ ብቻውን ተአምር አይሠራምና ርዕሱና የመጀመሪያው መስመርም ሰው በሚናገረው ቃል ይጻፋል። አቶ ዝም አነበበውና «ጥሩ» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ዋናዋ ሐኪም ግን በጄ አላሉም። ሆስፒታሉን ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከላዩ የሚያዩ ሴት ናቸው። «ይህ ሆስፒታል ነው እንጂ ገበያ አይደለም» አሉኝ። «የሙቀት ጉዳት የሙቀት ጉዳት ነው። የሚያቃጥለው ፈላ ውሃ ብቻ ነው? እንፋሎትስ? የጋለ ብረትስ?» እውነት አላቸው እኮ። ወረቀቶቼን ይዤ ወጣሁ።

ያኔ ነው የደወልኩልሽ። «ሰው መድኃኒት ቤት መጥቶ ሲጠይቅሽ ምን ብሎ ነው የሚጠይቅሽ?» ስልሽ ሳቅሽብኝ፤ ምን ነካው ብለሽ ይሆናል። «የመድኃኒቱን ስም የሚጠራልኝ ካሥር አንድ ቢገኝ ነው» አልሽኝ። «ሌላው ‹ልጄን ያንቀጠቅጠዋል› ነው የሚለኝ፣ ‹ሆዷ ተነፋ› ነው የሚለኝ። የተጨነቀ ሰው እንደ መጽሐፍ አይናገርም፤ ያየውን ነው የሚናገረው።» ለካ አንቺ ሃያ ዓመት ሙሉ በመስኮት የምትሰሚውን እኔ በሁለት ዓመት አልሰማሁትም። ቃልሽን በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ዶክተሯ ዘንድ ተመልሼ ወጣሁ። ገጹ ውስጥ ያለው የሕክምና ቃል አንዱም አይነካም፣ እንፋሎቱም ብረቱም እዚያው የየራሳቸው ንዑስ ርዕስ ያገኛሉ፣ በሩ ላይ ግን ወላጁ የሚናገረው ይጻፍ አልኳቸው። ከኪሴ አውጥቼም ያልሽውን አነበብኩላቸው። «ይህን ያለው ማን ነው?» አሉ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴ ናት አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁት። «ሦስት ወር» አሉ በመጨረሻ። «ለውጥ ካላየሁ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።» የእኔም ኮንትራት የሚያልቀው በዚያው በሦስት ወር ነበር። ይህን ያኔ አልነገርኩሽም፤ እንቅልፍ እንዳታጪ ብዬ ነውና ይቅር በዪኝ።

ሥራው ሲጀመር ሁለት ሳምንት የሆስፒታሉን ስልክ ከምታነሳው ከስልክ ቤቷ ሠራተኛ ጎን ተቀመጥኩ። ወላጆች ሲደውሉ የሚሉትን እንዳለ መገልበጥ ነው። «ባትሪ ዋጠ»፣ «ራሱን መታው»፣ «ትን ብሎት ፊቱ ጠቆረ»። ሦስት ደብተር ሞላ። ከዚያ ያላሰብኩት ጠላት ገጠመኝ፤ ፊደላችን። «ሕፃን» የሚለውን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል፤ በዚያ ላይ ግማሹ በጸሎቱ ጸ፣ ግማሹ በፀሐዩ ፀ። አንዱ ሕፃን በስድስት መልክ ይመጣል ማለት ነው። ዶክተሯ ትክክሉ አንድ ብቻ ነው አሉ፣ ሠዓሊዋ ሰው እንደለመደው ይጻፍ አለች፣ እና ሁለቱ ግማሽ ቀን ተሟገቱ። እኔ አንዳቸውንም አላስቀየምኩም። አድራሻው በዶክተሯ ፊደል ይጻፋል፤ በሌላው ፊደል ጽፎ የመጣ ሁሉ ግን በሩ ሳይዘጋበት ወደዚያው ይወሰዳል። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

አዲሱን አድራሻ በከፈትንበት ሰኞ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጆች ከሆስፒታል ሲወጡ ለወላጅ የሚሰጥ ወረቀት አለ፤ ቁስሉን እንዴት እንደሚያጥቡ፣ ቱቦውን እንዴት እንደሚይዙ የሚያስረዳው ገጽ አድራሻ ታትሞበታል። ለካ እነዚያ ወረቀቶች ላይ ያለው እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ፣ በመዝገባችን ውስጥ እንኳ የሌለ የድሮ አድራሻ ነው። አሮጌው አሠራር እንደምንም ያስተናግደው ነበር፤ አሮጌውን ስነቅል እሱም አብሮ ተነቀለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የስልክ ቤቷ ሠራተኛ ደወለች። «ወላጆች ‹ገጹ አልተገኘም› ይለናል እያሉ ነው። ይሄ አሥራ አንደኛዬ ነው።» አንደኛው አባት የልጁን የምግብ ቱቦ በእጁ እንደያዘ ነበር የደወለው። አንዲት ነርስ መስመሩ ላይ ገብታ በቃል እየመራች አስጨረሰችው።

አቶ ዝም ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሳ፣ እስክሪብቶ ያዘ፣ «ና» አለኝ። ከፎቅ ፎቅ እየወጣን ከየክፍሉ ወረቀት ለቀምን፤ ከመሳቢያ፣ ከግድግዳ፣ ከአልጋ ግርጌ፣ አንዷን እንዲያውም ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪ ላይ አነሳን። መቶ ሠላሳ ሁለት የድሮ አድራሻ ተገኘ። ሠዓሊዋ ታነባለች፣ እኔ ከአዲሱ ጋር አገናኛለሁ፣ አቶ ዝም አንድ በአንድ ይሞክራል። ምሳ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ተከፈተ። በማግስቱ ዶክተሯ ጠሩኝ። «ስህተቱን የሠራው ማን ነው?» እኔ ነኝ አልኩ። «ያስተካከለውስ?» ሦስታችን ነን አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ሰው እጅ የገባ አድራሻ ከዛሬ በኋላ አይሞትም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሠዓሊዋ ያቺን ቃል በትልቁ ጽፋ ግድግዳችን ላይ ለጥፋታለች፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ወረቀቷም አብራ ትንቀጠቀጣለች።

ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ከሥራው ባሰኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የጎብኚው ቁጥር ጭራሽ ወረደ። የፍለጋ ሞተሩ አዲሱን አድራሻ እስኪለምድ እንዲህ እንደሚሆን አንብቤያለሁ፤ ሆዴ ግን አላነበበም። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «እ?» ይሉኛል፣ እኔ «ገና ነው» እላለሁ፣ ያልፋሉ። በአራተኛው ሳምንት ገጻችን ከሰባተኛው ዝርዝር ወደ አራተኛው ወጣ። በሁለት ወሩ የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሲስተር በየጠዋቱ ፈረቃዋ ሳይጀምር ብቅ እያለች «ስንተኛ ነን?» ማለት ጀመረች፤ እንደ እግር ኳስ። ስምንተኛ። ስድስተኛ። ቅባት ሻጩ ሦስተኛው ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። እሱን ያለፍን ቀን ጠረጴዛዬን በመዳፏ ስትመታው የሠዓሊዋ ቀለም ተደፋ፤ ሠዓሊዋም አብራ እየሳቀች ነው የጠረገችው።

ቀጠሮው ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሲስተር ከደረጃው አናት ላይ ሆና «ና ውጣ! አሁኑኑ!» ብላ ጮኸች። ደግሞ ምን አበላሸሁ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ቃጠሎ ክፍል ውስጥ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የአራት ዓመት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። የፈላ ውሃ ነው፣ ክንዷ ላይ። «ያልከኝን ድገምለት» አለችው ሲስተር። ሹፌሩ ፈራ፤ ፖሊስ የጠራችበት መስሎት መሆን አለበት። «ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያዝኩት» አለ። «ሰዓት አይቼ ነው። አምባሯን አወለቅኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩ። ምንም አልቀባሁም። ‹ምንም አትቀቡ› ይላላ!» ከየት አየኸው አልኩት። ስልኩን አወጣና አሳየኝ። ከላይ፣ በዚያች ቀጭን መስመር፣ በቃል የተጻፈው አድራሻችን ነበር። «‹ልጄ ፈላ ውሃ ተደፋባት› ብዬ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ የወጣው ይሄ ነው» አለኝ።

ዶክተሯ እዚያው ነበሩ። የልጅቷን ክንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት፣ ደግመው አዩት። «ቆዳዋ ተርፏል» አሉ። «ጠባሳም የሚቀር አይመስለኝም።» ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔን አዩኝ። እኔ የሹፌሩን እጅ ጨብጬ አልለቅ ብዬዋለሁ፤ ሰውየው ይህ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ለምን እንደሚያለቅስ እስከ ዛሬ ሳይገባው ይኖራል። ልጅቷ ብስኩቷን እየበላች ታየኛለች። ምድር ቤት ወርጄ እኔም ጻፍኩት። አንደኛ! ቅባት ሻጩ አምስተኛ! አቶ ዝም ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «አንደኛ!» ብሎ ሲጮህ፣ ከማጠቢያው ቤት ሴቶቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ነገሩን ስንነግራቸው እነሱም አጨበጨቡልን። ያን ገጽ ድሮ በወር አራት መቶ ሰው ነበር የሚያየው፤ ባለፈው ወር ከሃያ ሺህ በላይ ሰው አየው። አባባ፣ ሃያ ሺህ! የእኛ ከተማ ስታዲየም ሞልቶ ይተርፈዋል።

ኮንትራቴም ተቀደደ፤ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤውን የሰጡኝ ዶክተሯ ናቸው፣ በራሳቸው እግር ምድር ቤት ወርደው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደዚህ ወርደው እንደማያውቁ አቶ ዝም ነገረኝ። በሩ ላይ ቆመው «እንዴት ነው በዚህ ጫጫታ የምታስቡት?» አሉና፣ ከጋዋናቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እሳቸው ራሳቸው የጻፏቸው ሃያ ሁለት ገጾች ርዕስ ነው፣ በእጃቸው የተጻፈ። «እነዚህንስ ሰው ምን ይላቸዋል?» አሉኝ። ሁለቱን ሞከርኩና ሦስተኛው ላይ አቃተኝ። «እንግዲያው ለምን ትቸገራለህ፣ እህትህን ጠይቃት እንጂ» አሉ። «ሰላምታዬንም አድርስልኝ። ካልተቸገረች በየርዕሱ ጎን ብትጽፍበት ትልቅ ውለታ ነው በላት።»

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ታጥፏል። መስመሩን ሰፋ አድርገው የጻፉት ላንቺ ቦታ እንዲኖርሽ ነው። ደንበኛ ሲቀንስልሽ፣ ወንበር ይዘሽ፣ ቁጭ ብለሽ ሙዪው፤ ቆመሽ እንዳትጽፊ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለጎረቤት ምን እንደምሠራ በትክክል ያውራ፣ ቢያጋንንም አልቆጣም። ጋሼን በርታ በዪው፣ ጉልበቱን ፀሐይ ያሳየው። ትልቋ ፈተናዋን ስትጨርስ ትደውልልኝ፤ አጠናለሁ እያለች ስልክ ስትነካካ እንደምትውል ግን ወሬው ደርሶኛል። ቀበጡን ሁለቱን ጉንጭ ሳሚልኝ፣ ጥርሱ የወለቀበትን ጎን ደግሞ አንድ ጨምሪ። ለአክስቴና ለፎቅ ቤቷ ጎረቤታችን፣ አብረውሽ ለሚሠሩት ሁለት ልጆችም ሰላም በዪልኝ። አንቺን ደግሞ ሳገኝሽ ራሴ አቅፌ እስምሻለሁ እንጂ ለማንም አልወክልም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሕፃናት ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን
ረቡዕ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.